ለቅሶ ላይ ያለን ሰው አትጠይቀው

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ዝናብ። ደጃፉ ጭቃ ብቻ። ገበያው ግን አልጠፋም፤ የዩኒፎርም ሰፊዎች ከአሁኑ ጀምረዋል። ነጭ ክር፣ ዚፕ፣ የሸሚዝ ቁልፍ... ሰማያዊው ክር አለቀ። ሁለት ካርቶን በስልክ አዘዝኩ፣ ልጄ ሰብሌ በሠራችው፣ ትዕዛዝ እያነበበ ራሱ በሚመልሰው ማሽን። እየለመድኩት ነው።

ሰብሌ ማለዳ ወጣች። ከመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ጋር ወደ ደቡብ፣ የዚያ አገር ነጋዴዎችን ስለ ማሽኑ ልታስረዳ። ጃኬት ያዢ ብላት ሙቀት ነው ብላ ጥላው ሄደች። ስትደርስ ትደውላለች። እስካሁን አልደወለችም። ኔትወርክ ይሆናል።

ዛሬ ሰዉን ምን ነካው? ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተራው ጭጭ አለ። ፊት ለፊቴ ያለችው ሸዋርካብሽ ሳትተርበኝ ውላ አታውቅም፤ ዛሬ ቀና ብላ አላየችኝም። ጎረቤቴ ጋሼ ሁዛይፋ ጣቃ ጨርቃቸውን ትተው መጡና፣ ዝናቡ ሳይመለስ በጊዜ ይዝጉ አሉኝ። መዝጊያውንም ራሳቸው ጎተቱልኝ። ሃያ ዓመት ጎረቤት ስንሆን እንዲህ አድርገው አያውቁም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ብዙ ሰው። ጋሼ ሁዛይፋ ከፊት ነበሩ።

ሰብለ ወንጌል የለችም። መኪናቸው ተገልብጦ። ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ።

እኔ ስለ ክር ሳወራ ሁሉም ያውቁ ነበር።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ሰልስቷ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ።

ስልኬ ጮኸ። ማሽኑ ነው። ክርዎ ደርሷል፣ መቼ ይወስዳሉ ይላል። የእህቴ ልጅ ፋና ወሰደችውና፣ ልጇ ሞታባት ለቅሶ ላይ ናት ብላ ጻፈችለት። ወዲያው መለሰ። ላቆየው ወይስ ልሰርዘው? በየትኛው ቀን ይመቸዎታል?

ፋና ስልኩን አጠፋችው። እኔ ግን አነበብኩት። የሚመቸኝ ቀን...

ልጄ የሠራችው ይሄን ነው?

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ሱቁን ከፈትኩ። ቤት መቀመጡ ባሰብኝ። አንድ ነበረችኝ፤ አባቷም የለ። ቤቱ ይጮህብኛል።

ጋሼ ሁዛይፋ ሰማያዊውን ክር ሄደው ተረክበውልኝ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠውት አገኘሁ። 

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው፤ በጭንቅላቴ ይዞርብኛል።

ሙነወር የሚባል የወልቂጤ ልብስ ሰፊ አለ። በየዓመቱ የዩኒፎርም ጨርቅ ከጋሼ ሁዛይፋ፣ ክርና ቁልፍ ከእኔ ይወስዳል። ዘንድሮ አሥራ አራት ጣቃ አዝዞ አስቀምጦ ነበር። ባለፈው ሳምንት ወንድሙ ሞተ። ለማሽኑ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ወንድሜ ሞቶ ለቅሶ ላይ ነኝ። ዕቃውን የሚረከብ ሰው በዚህ ሳምንት አልልክም።»

በእኛ ተራ ይሄን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሰው ሞቶበት ለቅሶ የተቀመጠ ነጋዴ ዕቃው ባለበት ይቆየዋል። የፈለገ ገዢ ቢመጣ አይነካም። ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ይሄ ለሁላችንም አንድ ነው።

ማሽኑ ሰረዘው። የጋሼ ሁዛይፋ መጋዘን ጠባቂ መሰረዙን በስልኩ አይቶ ጨርቁን ለሌላ ሰጠ። እሳቸው አላወቁም።

ሙነወር ዛሬ መጣ። ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል። መደርደሪያውን አየ፣ ባዶ ነው። አልጮኸም። «ጋሼ፣ እርስዎም?» ብቻ አላቸው።  ስድስት ሰፊዎች ቤቱ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል፤ ትምህርት ሊከፈት ወር አልቀረውም።

ከዚያ ሸዋርካብሽ ከሱቋ ሆና፣ የሰብሌ ማሽን ነው አለች። የልጅቷን ነፍስ ይማርና ሥራዋ ግን ሰው በላ... ቀና ስትል እኔን አየችኝ። አፏን ያዘች። ምን ያደርጋል። ተራው ሁሉ ሰምቷል።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ሰብሌን ቁረጪው ያልኳት የመጨረሻው ምን ነበር? ምን ነበር የጣለችው?

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ለራሴ እንኳ ልናገረው።

የሰብሌ ሥራ እንዲህ ነበር። ደንበኛ ይጽፋል። ማሽኑ ያነብና ራሱ ወስኖ ራሱ ይሠራል። የሚሠራበት መሣሪያ የሚሉት አለ። መዶሻ አይደለም፤ አንዱ ዕቃ ይልካል፣ አንዱ ያቆያል፣ አንዱ ይሰርዛል፣ አንዱ ደንበኛውን ይጠይቃል። ማሽኑ ሱቅ አይቶ አያውቅም። መሣሪያው ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ከጎኑ ከተጻፈው መግለጫ ብቻ ነው። ያንን አንብቦ ይመርጣል። መግለጫውን የምትጽፈው እሷ ነበረች።

ከአንቺ ነው የተማርኩት ትለኝ ነበር። አዲስ ተሸካሚ ወደ መጋዘን ስልከው ትሰማኛለች። «እማ፣ የሚገባበትን በር ብቻ አትነግሪውም። የማይገባበትንም ትነግሪዋለሽ። ግራ ሲገባው ማንን እንደሚጠይቅም ትነግሪዋለሽ።» እኔ እንዲህ ማድረጌን አላውቀውም ነበር።

ሰኔ ላይ ይመስለኛል፣ እኔ ቁልፍ በቀለም እየለየሁ እሷ ከኮምፒውተሯ አነበበችልኝ። ዕቃ የሚያቆየው መሣሪያ መግለጫ ነው። ረዘመብኝ። ደክሞኝም ነበር። «ማን ይሄን ሁሉ ያነባል? የመጨረሻውን ቆርጠሽ ጣይው» አልኳት። ሳቀች። ቆረጠችው።

የጣለችው ምን ነበር? ለቅሶ የሚል ነበረበት? ነበረበት መሰለኝ... አልነበረበትምም ይመስለኛል። ካለበት ሙነወርን የጎዳሁት እኔ ነኝ። የልጄን ስም ያስነሳሁትም እኔ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

አርባዋ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሥራ ጓደኛዋ ቲና አጠገቤ ተቀመጠች። ከስታለች። ከሰብሌ ጎን ነበር ጠረጴዛዋ።

በመሥሪያ ቤቱም ስለ ሙነወር ጉዳይ ተነጋግረዋል። ማሽኑን ሊፈትኑት ነው። መግለጫዎቹ ማሽኑን ምን ያህል ይመሩታል፣ የቱ ያሳስተዋል፣ ያንን ሊያዩ። ለፈተናው ደንበኛ የሚጽፋቸው ዓይነት መልእክቶች ያስፈልጋሉ። ራሳቸው ሲጽፉት ግን መጽሐፍ ይመስላል አለች፤ መርካቶ እንዲህ አይናገርም።

«እትዬ ባይነሽ፣ እርስዎ ይጻፉልን።»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አልነገርኳትም።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ሠላሳ መልእክት ጻፍኩ። በአምስት ቀን። ሰዉ እንደሚጽፈው። አንዱ ሰላምታ ብቻ ሦስት መስመር ነው። አንዱ ስለ ዚፕ ጀምሮ ስለ ልጁ ሠርግ ይጨርሳል። አንዱ ይቆጣል፣ ምን እንደሚፈልግ ግን አይናገርም። ከእያንዳንዱ ጎን እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ ጻፍኩ፦ ላክ፣ አቆይ፣ ሰርዝ፣ ጠይቅ።

የሙነወርን እንዳለ ገለበጥኩት። ሌሎች ሁለት የለቅሶ መልእክቶችም ጨመርኩ። አንደኛው ፋና ስለ እኔ የጻፈችው ነው።

ለጋሼ ሁዛይፋ አሳየኋቸው። አንብበው ሳቁ። ይሄ ተቆጪው እኔ ነኝ አይደል አሉ። አዎ አልኳቸው። እኔም ሳቅኩ፤ ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

የሰብሌ መሥሪያ ቤት፣ መሳለሚያ፣ አራተኛ ፎቅ። አሳንሰሩ አይሠራም። በየፎቁ እያረፍኩ ወጣሁ።

የሰብሌ ወንበር ባዶ ነው። ሹራቧ ተንጠልጥሏል። ቲና ልታነሳው ስትል ተይው አልኳት።

አለቃቸው በሪሁን አለ። ገና ወጣት ነው። እጄን ይዞ ብዙ ቆየ፣ ዓይኔን ግን አላየም።

ቲና አስረዳችኝ። ማሽኑ የኔን መልስ አያይም። መልእክቱንና መግለጫዎቹን ብቻ ያያል። ከዚያ የመረጠውን ከኔ ጋር ያስተያዩታል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለማይመርጥ እየደጋገሙ ይጠይቁታል።

የመጀመሪያው ውጤት፦ ከሠላሳው አሥራ ዘጠኝ። የሙነወርን ዛሬም ሰረዘው።

 አበቃ አልኩ በልቤ። እኔ ነኝ።

ቲና ግን አልደነገጠችም። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እያወጣን እንየው አለች። የሚልከውን አወጡ፤ ባሰበት። መለሱት። ሌላውን አወጡ። በሪሁን መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። ከዚያ አንድ እኔ የማላውቀው መሣሪያ ቀረ። በነሐሴ መጀመሪያ የተጨመረ። መግለጫዋ አንድ መስመር ናት፦ «ከትዕዛዝ ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ጉዳይ ለመጨረስ።» ሥራው ግን ትዕዛዝ ሰርዞ መዝጋት ነው።

እኔ ሳይነግሩኝ ገባኝ። ተራችን ውስጥ ሁሉንም ነገር እኔ እጨርሳለሁ የሚል ደላላ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደሱ ይሄዳል። ሥራውን የሚያውቀው ባለሙያ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማንም አይጠራውም።

አወጧትና እንደገና ጠየቁት። ከሠላሳው ሃያ ስምንት።

የሙነወርን ብቻ አሥር ጊዜ ጠየቁት። አሥሩንም ጊዜ አቆይ። አሥሩንም!

ከዚያ መናገር ነበረብኝ። ቲናን፣ የሚያቆየውን መሣሪያ መግለጫ እኔ ነኝ ያስቆረጥኳት አልኳት። የጣለችው ለቅሶ ይሆን?

የተጻፈ ነገር ሁሉ ይቀመጣል አለችኝ፤ የተጣለውም። ፈለገችና አነበበችልኝ። «ለምሳሌ ዝናብ ጥሎ መኪና ካልመጣ፣ በዓል ሆኖ ሱቅ ከተዘጋ፣ ደንበኛው መንገድ ላይ ከሆነ...» እንዲህ እያለ ይሄዳል። ለቅሶ የለም። ደግማ አነበበችልኝ። የለም። መልሳ ጨምራው ሞከረችው። ሃያ ስምንት። በምሳሌዎቹም ያለምሳሌዎቹም ሃያ ስምንት።

«እትዬ፣ ሰብሌ ስትቆርጠው የጻፈችው ምክንያት አለ፣ ላንብበው?» አለች። 

«እማ ረዝሟል አለች። ያለሱ ሞከርኩት፣ እኩል ነው። እማ ልክ ናት።»

ሰብሌ ያንን ቀን ስቃብኝ ብቻ ዝም አላለችም። ሄዳ ፈትናዋለች። ከፈተነችው በኋላ ነው የጣለችው።

ፎቁን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። እግሬ ቀሎኝ ነበር።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

እስኪነጋ አንድ ጊዜም አልነቃሁም። ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ አልተኛሁም።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

እንደገና ወጣሁ። ያልተመለሱት ሁለቱ አሳስበውኛል።

ሁለቱም በሙነወር ላይ የጨመርኳቸው የለቅሶ መልእክቶች ናቸው። ማሽኑ ዕቃውን ያቆየዋል፣ ያ ልክ ነው። ከዚያ ግን ይጠይቃል። መቼ ይወስዳሉ? ቀን ይምረጡ። ሰብሌ ከተጠራጠርክ ጠይቅ ብላ ጽፋለታለች፣ እሱም ይጠይቃል። ቲና አልገባትም። ዕቃው እስከቆየ ድረስ ቢጠይቅ ምን ክፋት አለው አለች። ልጅ ናት፤ ደግሞ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

የሰልስቷን ቀን ነገርኳት። ድንኳኑን፣ ስልኩን፣ የሚመቸኝን ቀን። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልጄ ይሄን አላወቀችም ነበር አልኳት። አባቷ ሲሞት ትንሽ ነበረች፤ ለቅሶውን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ማን ይነግራታል? እኔም ማሽኑ ሲጠይቀኝ ነው ያየሁት።

በሪሁን፣ ይጻፉልን አለኝ። ወረቀት ሰጠኝ።

ደጋግሜ ሰረዝኩ። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ደንበኛው ሰው ሞቶበት ለቅሶ ላይ ከሆነ ዕቃውን በቦታው አቆይለት። አትሰርዝ፣ ለሌላ አትስጥ። ፈጣሪ ያጽናዎት፣ ዕቃዎ አለ በለውና ተወው። መቼ እንደሚወስድ አትጠይቀው። ሲችል ራሱ ይመጣል። የቆየ ከመሰለህ ባለ ሱቁን ጠይቅ፣ እሱን ግን አትጠይቀው።»

መጀመሪያ እግዚአብሔር ብዬ ነበር። በስልክ ጋሼ ሁዛይፋን ጠየቅኳቸው። ፈጣሪ ካሉት ለሁላችንም ይሆናል አሉ።

በሪሁን፣ ደንበኛው ጭራሽ ሳይመጣ ቢቀርስ ብሎ ነበር። የባለ ሱቁ መስመር የገባችው ለእሱ ጥያቄ ነው። ጥሩ ጠየቀ። ቲና ረዝሟል እንዴ ብላ አየችኝና ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አለቀስን።

ፈተናው፦ ሃያ ዘጠኝ። ሁለቱም የለቅሶዎች ልክ መጡ፤ ዛሬ የሳተው ያቺን ስለ ዚፕ ጀምራ በሠርግ የምትጨርሰውን ነው፣ አንዴ እየመለሰ አንዴ ይስታታል። ራሴ የጻፍኳት ብትሆንም አሁን ሳነባት ሰውየው ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም።

ልወጣ ስል በሪሁን ደረጃው ድረስ ሸኘኝ። ያቺን አንድ መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ አለኝ። ሰብለ ወንጌል ከሞተች በኋላ ሥራ ሲበዛበት በአምስት ደቂቃ ጽፎ ጨምሯታል፤ ሳይፈትን። ስሟ ሲነሳ ሰምቶ ዝም ብሏል።  አንድ ነገር ብቻ አልኩት፦

«ለኔ አይደለም የምትነግረው። ተራው ውስጥ መጥተህ ተናገረው።»

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

መጣ! በአሥር ሰዓት፣ ገበያው በደራበት። ጋሼ ሁዛይፋ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ፣ ሁሉም እየሰማ ተናገረ። «አዲሱን መሣሪያ የጨመርኩት እኔ ነኝ። መግለጫውን በችኮላ ጻፍኩት። የሰብለ ወንጌል ሥራ ምንም አላጠፋም፤ እሱ ብቻ ቢሆን የሙነወር ጨርቅ አይነካም ነበር።»

ለሙነወርም እዚያው ደውሎ ይቅርታ ጠየቀው። ጋሼ ሁዛይፋ ቀድመው ከየጎረቤቱ ለምነው ጨርቁን ሰብስበውለታል፤ አሥራ ሁለት ጣቃ ተገኝቷል። ሰፊዎቹ ከዓርብ ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው። ሙነወር ለጋሼ ሁዛይፋ ያላቸው ምን እንደሆነ አልሰማሁም፤ ስልኩን ሲዘጉ ግን በሻሻቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሲመሽ ሸዋርካብሽ መጣች። ቆማ የመቀነቷን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየች። ይቅርታ መጠየቅ አትችልበትም። «ባይነሽ፣ ያ ነጠላሽ ከተራው ሁሉ ቀድሞ ያረጀ ነው» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ አልተረበችኝም ነበር። ካንቺ ምላስ ይሻላል አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ልጆች በአዲስ ዩኒፎርም ያልፋሉ። ከሰማያዊው ውስጥ የትኛው በኔ ክር እንደተሰፋ እገምታለሁ።

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ሰማንያዋ። ተዝካሯን በአቅሜ አወጣሁ። ጋሼ ሁዛይፋ ከልጆቻቸው ጋር መጥተው ከእኔ ጋር እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ሙነወርም ከወልቂጤ መጣ። ሁለታችን ጎን ለጎን፣ ሁለታችንም ሐዘንተኛ። ብዙ አላወራንም። ወንድሙ ስንት ዓመቱ እንደነበር ነገረኝ። ሠላሳ አንድ። የኔ ሃያ ስድስት።

ሸዋርካብሽ ዘግይታ ገባች። ባለፈው ሳምንት አጎቷ ሞቶባት ከአገር ቤት መመለሷ ነው። ስልኳን አወጣችና አሳየችኝ። ለማሽኑ ለቅሶ ላይ ነኝ ብላ ጽፋለት ነበር። የመለሰላት ይኸው ብቻ፦ «ፈጣሪ ያጽናዎት። ዕቃዎ አለ።»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። አሥር ቀን ሙሉ አንድ ጥያቄ አልላከላትም።

«ይሄንን ማን ነው ያሳደገው?» አለች።

ልጄ አልኳት።

ማታ ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሐምሌ ላይ ልጄ የሠራችው ይሄን ነው? ብዬ ጽፌያለሁ። አልፍቀውም፣ ይቀመጥ። ዛሬ ግን መልሱን ከሥሩ እጽፋለሁ፦ አዎ፣ እሷ ናት የሠራችው። የጎደለውን አንድ ነገር እኔ ጨመርኩላት። ልብሷን እያጠብኩ እያጣጠፍኩ ያሳደግኋት እናት ነኝ፤ ይሄም እንደዚያው ነው።

ሐዘኑ አልሄደም። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ግን ወርዷል።

ይህን ደብተር አንድ ቀን የሚከፍት ሰው ካለ፦ ስሟ ሰብለ ወንጌል ነው፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ። በየትኛውም ሃይማኖት ብትሆን፣ ባለህበት ቆመህ፣ ነፍሷን ይማር በልልኝ። እኔን መቼ ትጽናኛለሽ ብለህ አትጠይቀኝ። ለእሷ ብቻ ጸልይላት።